ሞተሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ጎሚኒውን እየው

የመኪና ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ወር ጠያቂዎች የተማከሩ ይመስላሉ። ሞተር ልቀይር፣ መኪናዬን ዝቅ ላድርግ፣ ባሌ ሞተር ሊቀይር ነው። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል። መኪናዋን ስለምወዳት ነው፣ አልደብቅም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አጎቴ የሰጡኝ ፊያት 124 ስፓይደር አለችኝ። ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ሞተሯ 1438 ሲሲ። ስምንት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር፣ አሁን አስነሳናት። ትሄዳለች ግን ጉልበት የላትም፣ የቤዛዊትን ዳገት በ2ኛ ማርሽ ነው የምወጣው። ጥቁር ጭስ አላት። ኮብል ላይ ስገባ ከኋላ እንደ ባዶ ጣሳ ትንኳኳለች። አንድ መካኒክ “የሚኒባስ 3ኤል ናፍጣ ሞተር እንግጠምላት፣ ትበራለች” አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ የቪትዝ ይሻላል ይላል። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ነገር ነው፣ ወይ ለሞተሩ ወይ ከሥር ላለው። ምን ይመክሩኛል?
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ መጀመሪያ አጎትህን እግዜር ይስጣቸው። እንዲህ ያለ ስጦታ የሚሰጥ አጎት ስንት ሰው አለው?

አሁን ስለ ሞተሯ። ያንን ሞተር የነደፈው ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፣ ከዚያ በፊት ፌራሪ ቤት ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ይሠራ የነበረው ሰው። ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ ራስ፣ ላይ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት አለው፣ የሚያዞራቸው የጎማ ቺንጋ ነው። መኪናዋ በ1966 እ.ኤ.አ. ስትወጣ 90 የፈረስ ጉልበት ነበራት፣ 5 ማርሽ፣ አራቱም እግር ላይ የዲስክ ፍሬን። የዚያን ጊዜ አብዛኞቹ አራት በር ያላቸው የቤት መኪናዎች ይሄን በሕልማቸውም አላዩትም። ይህን አውጥቶ የሚኒባስ ናፍጣ መክተት ጠጁን ደፍቶ በብርሌው ላምባ እንደ መቅዳት ነው።

ስሜቴ ነው ካልክ ሒሳቡን እናስላው። የስፓይደርህ ዲፈረንሻል ወደ 4 ለ1 ነው፣ ከካምቢዮው 4 ዙር ሲገባ ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው፤ 4.1 እንበል። ባለ 13 ኢንች ጎማዋ አንድ ዙር ሲዞር 1.8 ሜትር ያህል ይሄዳል። 4ኛ ማርሽ 1 ለ1 ነው። የናፍጣው ሞተር 4000 ዙር ላይ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። 4000ን ለ4.1 አካፍል፣ በ1.8 አባዛ፣ በ60 አባዛ። የምታገኘው በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ሞተሩ እየጮኸ። 5ኛው ትንሽ ይጨምርልሃል፣ በቃ። ትበራለች የተባለችው ይቺ ናት እንግዲህ። ለዚህ ብለህ አፍንጫዋ ላይ ከባድ ብረት ትጭናለህ፣ የፊት ሞላዋ ይቀመጣል፣ መሪው ይከብዳል፣ መርገፍገፉ ደግሞ ያንን አሮጌ ላሜራ ብየዳ ብየዳውን ይፈታዋል።

የቪትዙ ሐሳብ ቢያንስ ቀላል ሞተር ነው። ችግሩ ቪትዝ በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና መሆኑ ነው። ሞተሩ በአግድም ነው የተቀመጠው፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ ላይ ተጣብቀው። ያንተ በቁመት ተቀምጦ የኋላ ጎማ ነው የሚገፋው። ስለዚህ የቪትዙ ካምቢዮ አይሆንህም፣ የፊያቱን ካምቢዮ ከቶዮታ ሞተር ጋር የሚያጋጥም ሳህን ቶርኖ ቤት ማሠራት ይኖርብሃል፣ ፍሪሲዮኑም መስማማት አለበት፣ ዘይት የሚቀመጥበት ኮፓ ከፊት ብራቾዎቹ ማሰሪያ ጋር ይጋጫል፣ ከዚያ የኮምፒውተሩ ሽቦ አለ። ሳህኑ በሚሊሜትር ስባሪ እንኳ ከመሐሉ ከሳተ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ብዙ ሳይቆይ ያለቅሳል። ይሠራል፣ የሠሩም ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ገንዘቤ ለአንድ ነገር ብቻ ነው ላለ ሰው ግን አይሆንም።

ይልቅ በሽታዋን እንፈልግ። የጻፍክልኝ ምልክት የሞተር ሞት አይመስልም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። 90 የተባለው ጉልበት እዚህ ከ75 ብዙም አያልፍም፣ አዲስ እያለችም ቢሆን። ጣና ዳር ያለን ሰዎች ውኃው አጠገብ ስለሆንን ቆላ ያለን ይመስለናል፣ እኔ ራሴ ስንት ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው። ካርቡራቶሩ ለባሕር ጠለል አየር ተስተካክሎ ከሆነ ደግሞ እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ጥቁሩ ጭስ እሱ ነው። ካንዴላዎቹን ፍታና እያቸው። ጥላሸት የለበሱ ከሆኑ ቤንዚን በዝቷል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆኑ ደህና ነው። ስምንት ዓመት የቆመ ቤንዚን ካርቡራቶር ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል። አስፈታውና አሳጥበው፣ ጓርኒሲዮኑን አስቀይር፣ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለች ለውጥ።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን አስለካ። አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ ሞተሩ ሞቅ ይበል፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ይረገጥ፣ ከዚያ ሞተሪኖ። ቁጥሩ መጽሐፉ ላይ ካለው ዝቅ ቢል አትደንግጥ፣ ከፍታው ነው። አንተ የምታየው አራቱ እኩል መሆናቸውን ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። እንዳለ ከቀረ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። ይሄን ሳያደርግ “ሞተር እንቀይር” የሚል መካኒክ የራስህን ሙቀት ሳይለካ ቀዶ ጥገና የሚያዝ ሐኪም ነው።

ቺንጋውን ደግሞ ሳትውል ሳታድር ለውጠው። ኪሎ ሜትሩን አትይ፣ ጎማ ቆሞም ያረጃል።

እንግዲህ ወደ ጣሳው እንምጣ። ስፓይደርህ ከኋላ ድፍን አክስል ነው ያላት፣ በሞላ የተቀመጠ፣ በዘንጎች ወደ ፊት የተያዘ፣ አንድ ረጅም ዘንግ ደግሞ ከጎን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው። እያንዳንዱ ዘንግ ጫፍና ጫፉ ላይ ጎሚኒ፣ ማለት ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚያደርግ የጎማ ትራስ፣ አለው። ስምንት ዓመት ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባት እነዚያ ጎሚኒዎች እንደ ድርቆሽ ሆነዋል። ኮብል ላይ የምትሰማው ብረት ከብረት ሲጨባበጥ ነው። ጋራዥ አስገባት፣ በክሪክ አስነሳት፣ አንድ ሰው ዘንጉን በብረት ሲወዘውዘው አንተ እጅህን መጋጠሚያው ላይ አድርግ። ይነግርሃል።

ገንዘብህን እዚህ ላይ አውጣ። ጎሚኒዎቹን ሁሉ፣ አራቱን አሞርዛተሮች፣ ቴስቲናዎቹን (የመሪና የፊት እግር መጋጠሚያዎቹን)፣ ከዚያ አላይመንት። ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ መውረድህ አይቀርም። የላዳ ዕቃም እይ፣ ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ነው፤ ብዙው ይመሳሰላል ግን ሁሉም አንድ አይደለም፣ አሮጌውን በፌስታል ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን አድርገህ ለካ። የላዳ ቸርኬ ግን ብሎኑ በ98 ሚሊሜትር ክብ ላይ ነው፣ ያንተም እንዲሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ ይሄን ብዙ ጋራዥ አያደርገውም። ጎሚኒ ሲቀየር ብሎኑ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ክብደቷ ሙሉ በሙሉ ሲያርፍባት ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ካጠበቁት፣ ወደ መሬት ስትወርድ ጎሚኒው ይጠማዘዛል፣ ዕድሜውን ሙሉ እንደተጠማዘዘ ይኖራል፣ ቶሎ ይቀደዳል። አጠገባቸው ቁም። ሻይ እንጠጣ ቢሉህ እንኳ አትሂድ።

እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው ተምሬ አይደለም፣ ተቃጥዬ ነው። ባለ አራት በሯን 124 ነበረችኝ፣ 1197 ሲሲ፣ እና ተለቅ ያለ ሞተር ከተትኩባት። ፍሬን አልነካሁ፣ ራዲያተር አልነካሁ። ከአዲስ አበባ ስመለስ ጎሃ ጽዮንን አለፍኩና ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመርኩ። ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። መሐል ላይ ፔዳሉ ለሰለሰ። የፍሬኑ ሸራ ሸተተኝ፣ ያ የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል ሽታ። በማርሽ እየያዝኩ፣ ከኋላዬ ሲኖ እየነፋብኝ፣ ድልድዩ ጋ ደረስኩ። ቆሜ አቀዘቀዝኩ። ከዚያ ወደ ደጀን ሽቅብ ስጀምር ደግሞ ውኃው ፈላ። ያ ሁሉ ጉልበት ይዤ ከአንድ አህያ ነጂ ጋር እኩል ነው ደጀን የገባሁት ማለት ይቻላል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴ። በነገራችን ላይ በኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህን የሚያካክሰው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ያንተ ክዳን ጎማው ከደረቀ ለውጠው፣ ከሁሉም ርካሹ ጥገና ነው።

ይህን ሁሉ አድርገህ፣ መንገድ ይዛ፣ ቆማ፣ አሁንም ጉልበት ካሰኘህ መንገዱ አለ። የዚያው የላምፕሬዲ ሞተር ታላላቅ ወንድሞች አሉት፤ 1608፣ 1756፣ 1995 ሲሲ። 1756ቱና 1995ቱ ፊያት 131 እና 132 ላይም ተገጥመዋል፣ እነሱም በቁመት የተቀመጡና የኋላ ጎማ የሚገፉ ናቸው። አንድ ቦታ ቆሞ የሚዝግ 132 ካገኘህ ጸልይና ተደራደር። ዘመድ ለዘመድ ስለሆነ ካምቢዮና ሱፖርት ላይ የቪትዙን ያህል መከራ አታይም።

የትኛውንም ሞተር ብትገዛ ግን ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ከመግዛትህ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ምን ሰነድ እንደሚፈልጉ ጠይቅ፣ ሻጩንም ደረሰኝና ዴክላራሲዮን ጠይቀው። ለቦሎ ስትሄድ ቁጥሩ አልገጥም ቢል የምትከራከርበት ወረቀት ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ ፖሊ ተማሪ ነኝ፣ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ወደ ስፖርት መኪና ልቀይራት ነው። ሞላዎቹን በግራይንደር ቆርጬ ዝቅ ባደርጋት ችግር አለው?
ከፋሲሎ

መልስ፦ አለው። የተቆረጠ ሞላ ይጠነክራል፣ ግን ያጥራል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ይወጣል፣ ሲመለስ ቦታውን ላያገኝ ይችላል። በእሳት የሚቆርጡት ደግሞ አሉ፣ እነሱ ብረቱን ራሱን ይገድሉታል። ከዚያ ደግሞ ከፋሲሎ እስከ ፖሊ ያለውን ብሬከር ቁጠር። ሆዷን በየቀኑ ልታስልላት ነው?

ዲኤክስ ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ ናት፣ የዚያ ዝነኛ የቶዮታ ስፖርት መኪና፣ የኤኢ86 ታላቅ እህት በላት። ቀላል ናት፣ የኋላ ጎማ ነው የሚገፋት። ግን ዝቅታዋን በፎቶ አትለካ። ደህና አሞርዛተር፣ አዲስ ጎሚኒ፣ ጥሩ ጎማ፣ ከዚያ ወደ ዘንዘልማ አንድ ጊዜ ንዳት። ዝቅ ማድረግ ካለብህ ለዚያው የተሠራ አጭር ሞላ ከነአሞርዛተሩ ፈልግ፣ ከ3 ሳንቲም በላይ ግን አትውረድ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ከውጭ አይገባም፣ ስለዚህ ያለችህን አትቁረጣት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቮልሱ ላይ የሱባሩ ሞተር ልግጠም ብሎ ሌት ተቀን አላስተኛኝ አለ። እብድ ነው ወይስ እውነቱን ነው? ልከልክለው?
ከግሽ ዓባይ

መልስ፦ እህቴ፣ እብድ አይደለም። የቮልስ ሞተር አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ተኝተው ነው የተሠራው፣ የሱባሩም እንዲሁ። ስለዚህ ኋላዋ ላይ ሸጋ ሆኖ ይቀመጣል፣ በሳህን ከካምቢዮው ጋር ይጋጠማል፣ ብዙ አገር የተለመደ ሥራ ነው። አትከልክይው። ሁለት ነገር ግን ጠይቂው።

አንደኛ፣ ፍሬኑን ምን ሊያደርግ ነው? ባለ 1300 ቮልስ ከ45 ፈረስ ጉልበት አይበልጥም፣ ሱባሩው ብዙ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ነው። የብዙዎቹ ቮልሶች ፍሬን አራቱም ታምቡር ነው፣ የኋላ እግራቸው ደግሞ ኩርባ ላይ ነዳጅ በድንገት ሲለቁ ወደ ውስጥ የመታጠፍ አመል አለው። የፊቱን ዲስክ ሳያደርግ፣ የኋላውን እግር ሳያስተካክል ቁልፉን አትስጪው።

ሁለተኛ፣ ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ሱባሩ በውኃ። ራዲያተሩን የት ሊያደርገው ነው? መልስ ሳይሰጥ ዙሪያውን ከዞረ ልንገርሽ፤ ብዙ ጊዜ የሚገባው ፊት ለፊት ኮፋኖው ሥር ነው። ቅዳሜ ገበያ ስትሄጂ ዘንቢልሽን የምታስቀምጪበት ቦታ ማለት ነው።