ርካሽ ትኬት ለምትፈልጉ የሐዋሳ ልጆች፦ ጠይቁኝ

ሐዋሳ ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ባለፈው እሁድ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ልጠጣ ቁጭ ባልኩበት ጥያቄ አዘነባችሁብኝ። ቡናው ቀዘቀዘ፣ ጥያቄው አላለቀም። ቀሪውን ጽፋችሁ ስጡኝ ብዬ ነበር፤ መልሱ ይኸው።

ጋሼ፣ ማክሰኞ ሌሊት ትኬት ይረክሳል የሚባለው እውነት ነው? ደጋግሜ ስፈልግ ስልኬ አውቆብኝ ዋጋ ይጨምራልስ?

ሁለቱንም ተዋቸው። አየር መንገዶች የኢኮኖሚ ወንበሮችን በዋጋ ደረጃ ይከፋፍላሉ። ርካሾቹ ሲያልቁ ቀጣዩ ደረጃ ይመጣል። ለዚህ ነው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ዋጋ የሚከፍሉት። ትናንት ያየኸው ዋጋ ዛሬ ከጨመረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ቀድሞህ ነው።

አንድ ዘዴ ልንገርህ። አራት ሆናችሁ ልትሄዱ ነው እንበል። በርካሹ ዋጋ የቀሩት ሦስት ወንበሮች ብቻ ከሆኑ፣ ሲስተሙ አራታችሁንም በውዱ ያስከፍላችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለአንድ ሰው ብቻ ፈልግ። ዋጋው ከወረደ ሦስቱን ለብቻ፣ አራተኛውን ለብቻ ቁረጥ። አራተኛው ማን ይሁን በሚለው ግን እኔን እንዳታስገቡኝ።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ናይሮቢ በአንድ ትኬት ቆርጫለሁ። ግን ቀደም ብዬ አዲስ አበባ ሰርግ ስላለብኝ በመኪና ልሄድ ነው። ችግር አለው?

አለው እንጂ እህቴ! ይሄን ጥያቄ ስላነሳሽ ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያውን በረራ ሳትናገሪ ከቀረሽ፣ ሲስተሙ «መንገደኛዋ አልመጣችም» ብሎ የቀረውን በሙሉ ይሰርዘዋል። መመለሻውንም ጭምር።

አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ ሆናለች። ሻንጣዋን ሚዛን ላይ አስቀምጣ፣ ፓስፖርቷን ሰጥታ ትጠብቃለች። የቼክ ኢን ሠራተኛው ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ። «ትኬትሽ የለም።» በዚያች ሰዓት አዲስ ትኬት ገዝታ ሄደች፤ ዋጋውን ስትነግረኝ እኔ ራሴ ላብ አጠመቀኝ። ባንቺ እንዳይደርስ በረራው ከመነሳቱ በፊት ደውለሽ አስቀይሪ። ጭማሪ ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም ይሻላል።

ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ብገዛ ረከሰልኝ። ዱባይ ላይ አውሮፕላን እቀይራለሁ። ልግዛ?

ሻንጣ አለህ? ትኬቶቹ የተለያዩ ከሆኑ ሻንጣህ በቀጥታ ላያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ወጥተህ ተቀብለህ እንደገና ማስገባት ይኖርብሃል። ለመውጣት ደግሞ የኤምሬትስ ቪዛ ያስፈልግሃል። ሌላው ጣጣ የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ነው፤ ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቅህም፣ ገንዘብህንም አይመልስም። የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዘህ፣ መሃል ላይ ሰፊ ሰዓት ካለህ ሞክረው። አለበለዚያ ቅናሹ ቅናሽ አይደለም።

ትኬቴ ላይ ማክሰኞ 00:40 ይላል። መቼ ነው ኤርፖርት የምሄደው?

ሰኞ ማታ! ማክሰኞ ማታ ሻንጣቸውን እየጎተቱ የመጡ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። 00:40 ማለት በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው፤ እኛ ገና «ሰኞ ሌሊት» የምንለው ሰዓት። ሦስት ሰዓት ቀድመህ ለመድረስ ሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ቦሌ ሁን።

አርባ ምንጭ በአውሮፕላን ይሻለኛል?

ከሐዋሳ ተነስተህ? በአዲስ አበባ ዞረህ ልትሄድ ነው እኮ። በሶዶ በኩል በመኪና ሂድ።

ለገና ላሊበላ መሄድ እንፈልጋለን፤ መቼ እንቁረጥ?

ቀኑ ይታወቃል፣ ታኅሣሥ 29 ነው (በየአራት ዓመቱ አንዴ 28)፤ በልደት ሰሞን ደግሞ ወንበሩ ቶሎ ያልቃል። ጥቅምት ላይ አስቡበት። ቀን መቀየር ከቻላችሁ ደግሞ በዓሉ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያኖቹ የትም አይሄዱም፤ ተረጋግታችሁ ታያላችሁ።

ዳናኪልስ?

አቋራጩ እስከ ሰመራ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሙቀቱ ትንሽ ይበርዳል፤ ከዚያ ውጪ አልመክርም። ኅዳር 14 ቀን 2018 እዚያው አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ በንፋስ ሕንድ ድረስ ሄዶ በረራ አሰርዟል። ስለዚህ ወደዚያ ስትሄዱ ቀኑን መቀየር የሚቻልበት ትኬት ግዙ፣ ትንሽ ቢወደድም። የመንገዱንና የእሳተ ገሞራውን ሁኔታ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሰመራ ላይ ጠይቁ።

ጋሼ፣ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ስምና ትኬቱ ላይ ያለው በአንድ ፊደል ይለያያል።

ይሄን እያነበብክ ነው? ተነስና ደውል።