መልስ፦ ለመካከለኛ ደረጃ የፊዚዮቴራፒስት ቃለ መጠይቅ ዝግጅት
በመንግሥት ሆስፒታል ከጀማሪ ወደ መካከለኛ ደረጃ ፊዚዮቴራፒስት ለማደግ ሲያመለክቱ ጠያቂዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የውሳኔ ብስለት ይፈልጋሉ። ለምሳሌ የወገብ ሕመምተኛ «መቀመጫዬ አካባቢ ደንዝዞኛል፣ ሽንትም እምቢ ብሎኛል» ቢልዎት፣ መልሱ እንቅስቃሴ ማዘዝ አይደለም። በአከርካሪው ግርጌ ያሉት ነርቮች ተጨምቀው ሊሆን ስለሚችል ሕክምናውን አቁመው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይልኩታል፤ ያዩትንም ይመዘግባሉ። መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል፤ ይህን ሳያመነቱ ይናገሩ።

ማመልከቻው ላይ እባክዎ «በቡድን መሥራት እችላለሁ» ብለው ብቻ አይለፉ። የማስታወቂያውን መስፈርቶች አንድ በአንድ ይዘው ለእያንዳንዱ ከራስዎ ሥራ ማስረጃ ያቅርቡ። ባልደረባ ከሥራ ቀርቶ ሕሙማን ሲበዙ ማንን እንደሚያስቀድሙ፣ ጀማሪ ሲሳሳት እንዴት እንደሚያርሙም ጮክ ብለው ይለማመዱ።