የባህላዊ ሪከርቭ ደጋን የቀስት ማረፊያን ስለማስተካከል፦ ጥያቄና መልስ

አዳማ ውስጥ በባህላዊ ሪከርቭ ደጋን (ጫፎቹ ወደ ፊት በተቆለመሙ ደጋን) የሚለማመዱ ሰዎች ስለ ቀስት ማረፊያ፣ ማለትም ቀስቱ ስለሚያርፍበት ከእጀታው በላይ ያለ እርከን፣ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል። ግራና ቀኝን የሚጠቅሱት ሁሉ አውታሩን በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው የተጻፉ ስለሆኑ፣ ግራኝ የሆነ አንባቢ አቅጣጫውን ይገልብጠው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የደጋኔ ማረፊያ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቀስቱ ሲወጣ ላባው ይፋተጋል። እንጨቱን በሞረድ ልቀንሰው?

መልስ፦ አይሞርዱት። ማረፊያው የእጀታው አካል በመሆኑ አንዴ የተነሳው እንጨት አይመለስም፤ እጀታውንም ሊያዳክመው ይችላል። መቀነስ ሳይሆን በአንድ ቦታ ላይ ከፍ ማድረግ ነው የሚሻለው። የእጀታውን ጥልቅ ቦታ፣ ማለትም የአውራ ጣትና የሌባ ጣት መገናኛ የሚያርፍበትን ነጥብ ይፈልጉ፤ በትክክል ከእሱ በላይ የክብሪት እንጨት በቀስቱ አግድም ያስቀምጡና በስስ ቆዳ ይሸፍኑት። በጎን በኩልም ከቆዳው ሥር ሌላ የክብሪት እንጨት በዚያው መስመር ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። በዚህ መንገድ ቀስቱ የሚነካው ሁለት ጠባብ ቦታዎችን ብቻ ይሆናል። ከፍታው ከእጀታው ጥልቅ ቦታ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከራቀ ግን፣ እጅዎ ትንሽ ሲጠማዘዝ ቀስቱም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ትልቁ ጥቅም ይጠፋል። ላባው አሁንም የሚነካ ከሆነ ለማወቅ ማረፊያው ላይ ፓውደር ነስንሰው አንድ ቀስት ይወርውሩ፤ የተጠረገው ቦታ ንክኪውን ያሳይዎታል።

ጥያቄ፦ ለሙከራ የምወረውረው ላባ የሌለው ቀስቴ ላባ ካላቸው በስተቀኝ ያርፋል። የጎኑን ልባስ (በማረፊያው ጎን የተለጠፈውን ቆዳ) ላሳሳው ወይስ ላወፍረው?

መልስ፦ ያወፍሩት፣ እህቴ። በስተቀኝ ማረፉ ቀስቱ ለደጋንዎ ልል፣ ማለትም ከልክ በላይ የሚተጣጠፍ መሆኑን ያመለክታል፤ ልባሱ ሲወፍር ቀስቱ ከደጋኑ መሐል ወደ ውጭ ስለሚገፋ እንደ ጠንካራ ቀስት መሥራት ይጀምራል። በስተግራ ቢያርፍ ኖሮ ጠንካራ ነው ማለት ስለሚሆን ልባሱን ማሳሳት ነበር። ይሁን እንጂ ልባስ ለጥቃቅን ማስተካከያ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ወደ ቀስቱ ራሱ ይሂዱ፦ የጫፉ ክብደት ሲቀንስ ወይም ዘንጉ ሲያጥር ቀስቱ ይጠነክራል። ዘንጉን ሲያሳጥሩ በትንሽ በትንሹ ይቁረጡ፤ ስበትዎን ጨርሰውም ጫፉ ከማረፊያው ወደ ፊት፣ በዒላማው በኩል መቅረቱን እያረጋገጡ ይሂዱ፤ ከማረፊያው ወደ ኋላ ያለፈ ቀስት እጅ ሊወጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ማረፊያውን ከፍ ካደረግሁ በኋላ አውታሩ ላይ ያለውን የመሰኪያ ነጥብ (የቀስቱ ጭራ የሚሰካበትን ቦታ) መቀየር አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ ማረፊያው በተነሳ መጠን እሱም መነሳት አለበት። ቀስቱ ከአውታሩ ጋር 90 ዲግሪ ከሚሠራበት መስመር በላይ 16 ሚሊ ሜትር ያህል አድርገው ይጀምሩና ቀስ በቀስ ያውርዱት። ላባ የሌለው ቀስት ከሌሎቹ በታች ካረፈ ነጥቡ ገና ከፍ ያለ ነው፤ በላይ ካረፈ ዝቅ ብሏል። ከላይ ጀምሩ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ነጥቡ ከልክ በላይ ዝቅ ካለ የቀስቱ ጭራ ማረፊያውን መትቶ ወደ ላይ ይነጥርና ነጥቡ ከፍ ያለ እንደሆነ ያስመስላል፤ ይህን ያላወቀ ቀስተኛ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ እያደረገ ችግሩን ያባብሰዋል። ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት በአውታሩና በእጀታው መካከል ያለውን ርቀት አምራቹ ባዘዘው ልክ አስተካክለው አይንኩት፤ እሱ ከተቀየረ የቀረው ልኬት ሁሉ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ሙከራውን ሜዳ ላይ ሳደርግ ውጤቱ ይለያይብኛል።

መልስ፦ አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የቆመባት ከተማ ናት፤ ላባ የሌለው ቀስት ደግሞ ጭራውን የሚያረጋጋለት ነገር ስለሌለ በነፋስ ቶሎ ይታለላል። ነፋስ በሌለበት ሰዓት ወይም በግድግዳ በተከለለ ቦታ ከ10 ሜትር ይጀምሩ፤ ከአንድ ቀስት ሳይሆን ከተደጋጋሚ ውርወራ ይፍረዱ፣ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ የፕላስቲክ ላባ ይሆናል?

መልስ፦ ከማረፊያው ላይ በቀጥታ ለሚወረወር ቀስት አይሆንም። የወፍ ላባ ሲነካ ይታጠፋል፤ ፕላስቲኩ ግን ቀስቱን ገፍቶ ያስታል።

ጥያቄ፦ ቆዳውን በምን ልለጥፈው? መቼስ ልቀይረው?

መልስ፦ ልኩን እስኪያገኙ ድረስ በሁለቱም ፊት በሚለጥፍ ፕላስተር ይያዙት፤ ከዚያ በኋላ በስሱ ማስቲሽ ይበቃል። ከጫማ ሰፊ የሚገኝ ቁራጭ ቆዳ በቂ ነው። ቆዳ በአጠቃቀም ብዛት እየተጨፈለቀ ስለሚሳሳ፣ ቀስትዎ ያለ ምክንያት ወደ አንድ ጎን መሳት ሲጀምር መጀመሪያ የጎኑን ልባስ ይመልከቱ።