የፋብሪካ ስትራቴጂ ኃላፊ ሥራ፦ የጅማ ልጆች ጥያቄና መልስ

የጅማ ልጅ ነኝ። በአንድ ትልቅ አምራች ድርጅት የስትራቴጂ ዘርፉን እመራለሁ። ስለ ሥራዬ ብዙ ስለጠየቃችሁኝ እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ሥራዎ ዕቅድ መጻፍ ነው?

ዕቅድ መጻፉ ትንሹ ነው። ዋናው ሥራ ገንዘቡ የት ይዋል የሚለውን ማጥናት ነው። አዲስ ማሽን ይገዛ ሲባል ሰው ሁሉ ዋጋውን ያያል። እኔ ግን ሌላ እጠይቃለሁ። ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል? ኤልሲ (ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ተከፍቶ ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ ፋብሪካ እስኪገባ ገንዘባችን ስንት ወር ይታሰራል? መለዋወጫ እዚህ ይገኛል? መብራት በጠፋ ቁጥር ስንት ምርት ይበላሻል? ማሽኑ በግማሽ አቅሙ ብቻ ቢሠራስ ብድሩን ይከፍላል? ይቺ የመጨረሻዋ ስንቱን ያማረ ሐሳብ ጥላለች።

ጥያቄ፦ የምንዛሪ ለውጡ ነካችሁ?

በደንብ እንጂ! ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ጥሬ ዕቃ የሚያስመጣ ፋብሪካ ሁሉ ሒሳቡን እንደ አዲስ መሥራት ነበረበት። አሁን በአንድ የዶላር ዋጋ ብቻ የተሠራ ጥናት አልቀበልም።

ጥያቄ፦ ጅማ ላይ ፋብሪካ መክፈት ያዋጣል?

እንደ ምርቱ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። መንገዱ ግን ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጅቡቲው ባቡርም እኛ ጋ አይደርስም። ጨርቁ ከውጭ መጥቶ ልብሱ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ያን መንገድ ሁለቴ ትከፍላለህ። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ እንዲሸጡላት ከፈቀደችበት ዕድል፣ ስታስወጣን ደግሞ በአንድ ገበያ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ አይተናል። እኔን ብትጠይቁኝ ጅማ በቡናና በማር ትጀምር። ጥሬ ዕቃው ደጃችን ነው። ቡናችን ጥሬውን በጆንያ ተጭኖ ሲሄድ ሳይ ዛሬም ያንገበግበኛል። ቆልቶ፣ አሽጎ፣ ስም ሰጥቶ መሸጥ ከባድ ነው፤ ገዢ ማግኘት ከማሽኑ ይበልጣል። ቢሆንም ሊለፋለት የሚገባ ነገር ካለ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ እማራለሁ። ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ ከፋብሪካ። የአንድ ምርት ወጪ እንዴት እንደሚሰላ እዚያው ቆመሽ እዪ። የሽፍት ኃላፊዎችን ጠይቂ፤ ሪፖርት ላይ የማይጻፈውን እነሱ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) ግድ ነው?

ይጠቅማል፤ ግድ አይደለም። ኤክሴል ግን ግድ ነው።

ጥያቄ፦ አለቃ ጥናቱን ባይቀበልስ?

ስጋትህን በቁጥር አስቀምጥ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ከተወሰነ በኋላ ግን የራስህ ሐሳብ እንደሆነ አድርገህ ሥራው።