ከክርስትናው ወዲህ ጡት ላይ ያለቅሳል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። የመጀመሪያ ልጄ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። እስከ ክርስትናው ድረስ ደህና ይጠባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጡቴን ይይዝና ወዲያው ለቆ ይጮኻል፣ ይንፈራገጣል፣ ደግሞ መልሶ ይፈልጋል። ወደ ማታ ሲሆን ይብስበታል። አማቴ «በክርስትናው ቀን የሰው ዓይን በልቶት ነው» ይላሉ። ጎረቤታችን ደግሞ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥለት» አሉ። ጡቴ እንደ በፊቱ ስለማይወጠር ወተቴ ቀንሶ ይሆን ብዬ እጨነቃለሁ። የላም ወተት በጡጦ ልጀምርለት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጅሽንም ያሳድግልሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፦ እንጥሉን አታስቆርጪ። ሕፃን አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ እንጥሉ ይታያል። እኔም አንቺም ያለን የተፈጥሮ አካል ነው፤ ልጁን ከጡት አያጣላውም። ሲቆረጥ ግን ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊያስከትል ይችላል። ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ ደግሞ ያኔ በእርግጥ ጡት እምቢ ይላል። የወተት ጥርስ ነው እየተባለ ድድ ማስነቀልም ያው ነው።

አሁን ወደ ክርስትናው እንምጣ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው። 40 ቀን ማለት ስድስት ሳምንት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። የሕፃናት ለቅሶ ደግሞ ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየጨመረ ይሄድና ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጣራ ይነካል። ከዚያ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ሦስት አራት ወር ሲሞላቸው አብዛኞቹ ይረጋጋሉ። ክርስትና በማይነሱ ሕፃናትም ላይ ይኸው ይታያል። ስለዚህ ድግሱና ለቅሶው በአንድ ሰሞን ተገጣጠሙ እንጂ አንዱ ሌላውን አላመጣውም። አማትሽ ይህን የሚሉት ልጁን ስለሚሳሱለት ነው። ጸሎቱ ይቀጥል። ዳማከሴም ሆነ ቅቤ ግን አፉ ውስጥ አይግባ።

ጡትሽ አለመወጠሩም አያስደንግጥሽ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡት ከሚያስፈልገው በላይ ያመርታል። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆን የልጁን ልክ ያውቅና ይለሰልሳል። ወተት መኖሩ የሚታወቀው በሽንቱና በክብደቱ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንቱን ከሸና ይበቃዋል። የ45 ቀን ክትባቱን ስታስከትቢ ተመዝኖ ከሆነ ያንን ቁጥር ያዢው። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ሄደሽ እንደገና አስመዝኚው። በዚህ ዕድሜ በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ቢጨምር ጥሩ ነው።

የላም ወተቱን ተይው። አንደኛ፣ ዓመት ላልሞላው ልጅ አንጀትም ኩላሊትም ይከብዳል፣ ብረትም የለውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ጡት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው። ማታ ማታ ጡጦ ከሰጠሽው ያን ጊዜ ጡትሽ ሥራ ይፈታል፣ ወተቱም የእውነት ይቀንሳል። ስድስት ወር እስኪሞላው ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ ስኳር በውሃም አያስፈልገውም። የሐኪም መድኃኒት ብቻ ነው የሚፈቀደው። አመሻሽ ላይ በየሰዓቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቶሎ ቶሎ ቢፈልግ ስጪው። በዚህ ዕድሜ ቶሎ ስለሚያድጉ ብዙ ሕፃናት እንዲህ ያደርጋሉ።

ቀጥሎ የምጠይቅሽ ነገር ዋናው ነው። ልጁ ጡቱን የሚለቀው መቼ ነው? ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ተመልከቺው።

ገና እንደጀመረ እየተናነቀ፣ እያሳለ፣ እየተጋተ ከለቀቀና ወተቱ ከጡትሽ ፈንጠር ፈንጠር ካለ፣ ወተቱ በዝቶበት እንጂ አንሶት አይደለም። ትራስ ተደግፈሽ ወደ ኋላ ጋለል በይ፣ እሱን ደረትሽ ላይ አስተኝተሽ አጥቢው። የመጀመሪያውን ፍንጣቂ በንጹሕ ጨርቅ ተቀበይው፣ ፍሰቱ ረገብ ሲል ጡቱን መልሰሽ ስጪው።

ጥቂት ደቂቃ ጠብቶ ከዚያ እየጎተተ የሚያለቅስ ከሆነ ደግሞ ፍሰቱ ዘግይቶበታል። ይሄ ማታ ይበዛል። እየጠባ ሳለ ጡትሽን በእጅሽ ቀስ አድርገሽ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው። ካልሆነ ወደ ሌላኛው ጡት አዙሪው፣ ከዚያ መልሺው።

ገና ሳይዝ የሚጮኽ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ርቦት ቆይቷል። እጁን ወደ አፉ ሲወስድ፣ አንገቱን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር ጀምሪ። ለቅሶ የረሀብ የመጨረሻው ምልክት ነው። እያለቀሰ ጡት አፉ ውስጥ አትጠቅጥቂ። መጀመሪያ ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ አባብዪው።

አያያዙንም እዪ። ሆዱ ሆድሽን ይንካ፣ ጆሮው ትከሻውና ዳሌው ቀጥ ባለ መስመር ይሁኑ። አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ አገጩ ጡትሽን ነክቶ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ መሆን አለበት። ጫፉን ብቻ ከያዘ አንቺን ያምሻል፣ እሱ ደግሞ አይጠግብም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እቤት መጥታ ስታጠቢ ብታይሽ ከእኔ ጽሑፍ ይበልጥ ትረዳሻለች።

አፉን ከፍተሽ ምላሱንና ጉንጩን ውስጡን እዪ። ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፣ መድኃኒት አለው፣ አንቺም አብረሽ ትታከሚያለሽ። አፍንጫው ታፍኖ ከሆነም መጥባትና መተንፈስ አንድ ላይ ያቅተዋል። ጭስ ካለበት ቤት አርቂው፣ የዕጣንም ቢሆን። ጠብቶ ሲጨርስ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ አስገሺው። ይሄን ለአማትሽ ስጫቸው፤ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል፣ አንቺም ታርፊያለሽ።

ስለ ራስሽ ሁለት ነገር። ቡና አቦል ቶና በረካ እያልሽ ጠዋትና ማታ የምትጠጪ ከሆነ ቀንሺ። ቡናው በወተት ወደ ልጁ ያልፋል፣ ከትንሽ ሕፃን ሰውነት ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ጠላ ወተት ይጨምራል የሚባለውም እውነት አይደለም፤ አልኮል ወተቱ እንዳይወርድ ያግደዋል። አጥሚቱን ጠጪ፣ ውሃም እንዳይጠማሽ።

ለቅሶው ሲያደክምሽ ልጁን በጀርባው አስተኝተሽ ለደቂቃዎች ወጣ በይ። በንዴት ሕፃን መነቅነቅ ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በለቅሶዎቹ መካከል ነቃ ብሎ የሚጠባና የሚሸና ልጅ ላይ ነው። ጭራሽ አልጠባም ካለ፣ ሰውነቱ ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ካልቀሰቀስሽው በቀር የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ከጎደጎደ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጂው፣ በመንገድም ላይ ከቻለ እያጠባሽው።