«አምስቱ ጣት እኩል አይደለም» ለሚሉን

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። በወር በ7 የሥላሴ ማኅበር አለን። ባለፈው ጸበል ጸዲቁን እየቀመስን የጤና መድን ወሬ ተነሣ። አንድ አባት «ሳልታመም ለማን ብዬ ነው የምከፍለው? ድሃና ሀብታም ያደረገ እግዚአብሔር ነው። ሀብቱም፣ ትምህርቱም፣ ሕክምናውም ለሁሉ እኩል ይዳረስ ማለት በፈጣሪ ሥራ መግባት ነው» አሉ። ብዙዎችም «አምስቱ ጣት እኩል አይደለም» ብለው ደገፏቸው። እኔን ግን ከነከነኝ። እውነት ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ከነከነሽ።

ስለ አሥራትና ስለ ምጽዋት የምታውቂውን አልደግምልሽም። ይህን አባባል ግን በሠርግ ቤትም በለቅሶ ቤትም ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ብዙውን ጊዜ ጥቅሱ ከሐና ጸሎት ነው። «እግዚአብሔር ድሀ ያደርጋል፥ ባለጠጋም ያደርጋል» ይላል (1ኛ ሳሙ. 2፥7)። ሰዉ እዚህ ላይ መጽሐፉን ያጥፋል። ሐና ግን ገና አልጨረሰችም። ወዲያው ቀጥላ፣ ይኸው አምላክ ችግረኛውን ከመሬት፣ ምስኪኑን ከጉድፍ አንሥቶ ከመኳንንት ጋር እንደሚያስቀምጠው ትናገራለች። ደግሞስ ማን ናት ሐና? በጣውንቷ ስትዋረድ የኖረች፣ እንባዋ የታየላት ሴት ናት። የእርሷን ጸሎት ወስዶ ለጠገበ ሰው ትራስ ማድረግ ግፍ ነው። ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች ሲያሰባስብ የቆሮንቶስን ሰዎች «እዘኑላቸው» ብቻ ብሎ አልተዋቸውም። የእናንተ ትርፍ የእነርሱን ጉድለት ይሙላ፣ ነገሩ ትክክል ይሁን አላቸው። የመናውንም ነገር አስታወሳቸው፦ «ብዙ ያከማቸ አላተረፈም ጥቂትም ያከማቸ አላጎደለም» (2ኛ ቆሮ. 8፥15)። ቅዱስ ባስልዮስም በቂሳርያ ረሃብ በገባ ጊዜ፣ በጎተራህ ያስቀመጥኸው እንጀራ የተራበው ሰው ገንዘብ ነው ብሎ አስተማረ። በስብከት ብቻ አላበቃም። ከከተማው ወጣ ብሎ ለበሽተኛና ለድሃ ማረፊያ ቤት ሠራ። ይህ የሆነው በ4ኛው መቶ ዘመን ነው። ሕክምና ለሁሉ ይድረስ ማለት ዛሬ የመጣብን አዲስ ነገር አይደለም።

ሩቅ ምን አስኬደን? እኔ ጎንደር የመጣሁት የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ትምህርት የሆነውን አቋቋም ልማር ነው። በደበሎ፣ በአኩፋዳ። የኔታ ሳንቲም አልጠየቁኝም። ያበላኝ የጎንደር ሰው ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ በር ላይ ስቆም የማን ልጅ ነህ ያለኝ የለም። ማታ ጎጆ ስንገባ ሁላችንም የለመንነውን አንድ ላይ እንዘረግፋለን። ትኩሳት ይዞት የተኛ ካለ መጀመሪያ የሚነሣው የእርሱ ድርሻ ነው። «ዛሬ አልወጣም፣ ምን አመጣ?» የሚል አልነበረም። ያ ባይሆን ኖሮ የድሃ ገበሬ ልጅ እንዴት መሪጌታ ይሆናል? እንጀራውም፣ ትምህርቱም፣ ማስታመሙም በአንዲት ጎጆ ውስጥ ለሁላችን ይደርስ ነበር። ይህ በፈጣሪ ሥራ መግባት ከሆነ አባቶቻችን ሁሉ ገብተውበታል።

«ታዲያ ሰነፉንም እንቀልብ?» የሚልሽ አይጠፋም። መጽሐፉ «ሊሠራ የማይወድ» አይብላ ይላል (2ኛ ተሰ. 3፥10)። የማይወድ ነው ያለው። ያልቻለውን አላለም። አልጋ ላይ የዋለች እናት ሰነፍ ናት? ትምህርት ቤት ለመድረስ ወንዝ የሚሻገር ሕፃንስ? የሁለት ሰው ልጆች እኩል ጎብዘው፣ አንዱ መጽሐፍ ሞልቶት ሌላው አንዱን መጽሐፍ ለአራት ሲካፈል፣ ይህን እግዚአብሔር አደረገው ብለን በእርሱ አናሳብብ።

የጣቱም ነገር ደግሞ፣ እውነት ነው፣ ቁመታቸው አንድ አይደለም። እንጀራ ስትቆርሺ ግን እጅሽን እዪው። ረጅሙ ጎንበስ ይላል፣ ጫፋቸው እኩል ይገጥማል። ረጅሙ አልጎነበስም ቢል ጉርሻው አይያዝም።

ጤና መድኑም እንዲሁ ነው። በዓመት የምታዋጪው ዘንድሮ ለጎረቤትሽ መታከሚያ ይሆናል፣ ከርሞ ምናልባት ለአንቺ። መክፈል ለማይችሉት የድሃ ድሃዎች መንግሥት ይከፍላል። ለሌላው ግን መዋጮው ካልተዋጣ መድኑ አይቆምም። አሠራሩ ላይ ጉድለት ካለ፣ መድኃኒት ታጥቶ ሰው በባዶ እጁ ከተመለሰ፣ ይስተካከል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ያም ቢሆን ለፍትሕ መቆም ነው።

እኚያን አባት በሰው ፊት አትሟገቻቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው። የሚመጣው 7 ሲደርስ ግን ጸበል ጸዲቁ ሳይነሣ የሐናን ጸሎት አንብቡላቸው። ቁጥር 7 ላይ አትቁሙ፣ 8ንም ጨምሩ።