ልጃችንን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉ መለሷት፤ ቀጥሎ ምን ታድርግ?

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

የከበረ ሰላምታዬን በማስቀደም ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ደሴ ውስጥ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ ታክሲ እየነዳሁ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። ትልቋ ልጃችን በአሥራ አንድ ዓመቷ በዲቪ አብራን መጥታ፣ ቋንቋውን ከፊደሉ ጀምራ ተምራ፣ ባለፈው ዓመት በባዮሎጂ ዲግሪዋን ይዛለች።

ሐኪም እሆናለሁ ማለት የጀመረችው አያቷ ኩላሊታቸውን ታመው ዲያሊሲስ በጀመሩበት ጊዜ ነው። እኛ ሥራ ስለምንውል አብራቸው እየሄደች፣ ሐኪሙ የሚለውን ለእሳቸው፣ እሳቸው የሚሉትን ለሐኪሙ የምታስተረጉመው እሷ ነበረች። ዘመድ አዝማዱም ስሟን ትቶ «ዶክተሯ» ይላት ጀመር።

የዲግሪ ውጤቷ (ጂፒኤ) 3.42 ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ማታ ማታ ትሠራ ስለነበር ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በሲ ነው ያለፈችው፤ በመጨረሻው ዓመት ግን ባዮኬሚስትሪን ጨምሮ አብዛኛው ትምህርቷ ኤ ነው። ኤምካት የተባለውን የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ወስዳ 503 አምጥታለች፤ ከአራቱ ክፍሎች ዝቅ ያለችው በንባቡ ሲሆን 122 ነው ያገኘችው። ማመልከቻዋን ኦክቶበር ላይ ጨርሳ ስማቸው ለገነነ የኤምዲ (የተለመደው የሐኪምነት ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች ላከች። ሁሉም መለሷት፤ ለቃለ መጠይቅ የጠራት አንድም የለም።

አሁን ቤታችን አንድ ሐሳብ የለውም። በካሪቢያን ደሴቶች የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ወዲያው ተቀብሏት፣ መቀመጫ ማስያዣ በአጭር ቀን ውስጥ ክፈሉ ብሏል፤ ባለቤቴ ዕድሉ እንዳያመልጣት ትላለች። እኔ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ተቀምጣ በአንድ የግል ኮሌጅ ብትማር ይሻላል ባይ ነኝ። ልጅቷ ያንኑ ማመልከቻ በመጪው ጁን መልሳ ልትልክ ትፈልጋለች። የእህቷን ያህል የምትቀርባት የአጎቷ ልጅ ደግሞ ፒኤ (ከሐኪም ጋር እየሠራች የምታክም የጤና ባለሙያ) ነች፤ እንደ እኔ ተማሪ ትላታለች። ሰው «መቼ ነው የምትጀምሪው?» እያለ ስለሚጠይቃት እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ትታለች።

ለካሪቢያኑ ትምህርት የሚያስፈልገው የባንክ ብድር የእኔን ፊርማ ይጠይቃል። ልፈርም ወይስ አልፈርም? አዲስ አበባስ ትሂድ? ወይስ ሐኪም የመሆኑን ሐሳብ እንድትተወው መምከር ይገባኛል?

አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ውድ አባት፣

ማስያዣውን አይክፈሉ፤ ብድሩንም አይፈርሙ። ይህን አስቀድሜ የምለው ከጠየቁኝ ሁሉ ቀነ ገደብ የተቆረጠለት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከዚያ በፊት ልጅዎ ለምን እንደተመለሰች መታወቅ አለበት፤ ይህ ሳይታወቅ የሚመረጥ መንገድ ሁሉ በጨለማ የሚመረጥ ነው። በአሜሪካ ለኤምዲ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከ50,000 በላይ ሰዎች ያመለክታሉ፤ የሚገቡት ግን ከ24,000 አይበልጡም። ስለዚህ በየትኛውም ዓመት ተመላሹ ከገቢው ይበዛል፤ ዛሬ ነጭ ጋውን ለብሰው ከሚያክሙት መካከልም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ማመልከቻ የገቡ ብዙ ናቸው። የእምቢታ ደብዳቤዎቹ ምክንያት አይጽፉም። የእርስዎ ደብዳቤ ግን ምክንያቶቹን ይዟቸዋል።

የመጀመሪያው ጊዜው ነው። የማመልከቻው መቀበያ ሜይ ላይ ተከፍቶ ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ መላክ ይቻላል፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ማመልከቻ በደረሳቸው ቁጥር እያነበቡ፣ ቃለ መጠይቅ እየሰጡ፣ መቀመጫ እየሞሉ ይሄዳሉ። በኦክቶበር የደረሰ ማመልከቻ በቀነ ገደቡ ውስጥ ቢሆንም እንኳ፣ የሚወዳደረው ለተረፉት ጥቂት ወንበሮች ነው።

ሁለተኛው የመረጠቻቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። ኤምዲ የሚገቡ ተማሪዎች አማካይ የኤምካት ውጤት 511 እና 512 አካባቢ፣ አማካይ ጂፒኤያቸውም 3.8 አካባቢ ነው፤ ስመ ጥሮቹ ዘንድ ከዚህም ይበልጣል። በ503 እና በ3.42 ወደ እነሱ ብቻ መላክ በሩ መዘጋቱን እያዩ ማንኳኳት ነበር። ይህን ስል የልጅዎን ችሎታ እየመዘንኩ አይደለም፤ ይህን ሊነግራት የሚገባ አማካሪ አለማግኘቷ ያሳዝነኛል። ወላጆቻቸው በዚህ አገር ያልተማሩ ልጆች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ያንኑ ማመልከቻ በመጪው ጁን መልሳ እንዳትልክ አጥብቄ እመክራለሁ። ዳግም አመልካችን ብዙ ትምህርት ቤቶች «ካለፈው ጊዜ ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁታል፤ ለዚህ ጥያቄ ዛሬ መልስ የላትም። አንድ ሙሉ ዓመት ትሥራና ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት በሩ እንደተከፈተ ማመልከቻዋን ትላክ።

በዚያ ዓመት ቅድሚያ የምሰጠው ለኤምካት ነው። ከአራቱ ክፍሎች እያንዳንዱ ከ118 እስከ 132 ይሰጣል፤ በንባቡ ክፍል 122 አግኝታ በጠቅላላው 503 ከደረሰች በሳይንሱ ደህና ነች ማለት ነው። የንባቡ ክፍል የሳይንስ እውቀት አይጠይቅም፤ ከፍልስፍና፣ ከታሪክ፣ ከሥነ ጥበብና ከመሳሰሉት የተውጣጡ ዘጠኝ ጽሑፎች ቀርበው በ90 ደቂቃ 53 ጥያቄ ይመለሳል። በአሥራ አንድ ዓመቷ እንግሊዝኛ ለጀመረች ልጅ ይህ የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱም የፈተና ዘዴ ማጥናት ብቻ አይደለም። ለወራት በየቀኑ ጠጠር ያለ የእንግሊዝኛ ድርሰት እያነበበች፣ ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ በአንድ ዓረፍተ ነገር የመጻፍ ልምድ ታዳብር። ዳግም መፈተን የምትችለው በዕድሜ ልኳ እስከ ሰባት ጊዜ መሆኑንና ውጤቶቿም ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ እንደሚታዩ አውቃ፣ በልምምድ ፈተና ውጤቷ ከፍ ማለቱን ሳታይ ለፈተና አትቀመጥ።

ጂፒኤው ሌላ ነገር ነው። ከ120 ክሬዲት በኋላ ተጨማሪ 30 ክሬዲት ወስዳ ሁሉንም ኤ ብታመጣ እንኳ 3.42 ከ3.54 ገደማ አያልፍም። ቢሆንም እርስዎ መምህር ነበሩና የሚረዱት ነገር አለ፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በሲ አልፎ ባዮኬሚስትሪን በኤ የጨረሰ ተማሪ ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚታየው መሻሻሉ ነው፤ መራጮቹም ያንን ያያሉ። ያንን መስመር የምታረዝምበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከዲግሪ በኋላ ከበድ ያሉ የሳይንስ ኮርሶችን በአቅራቢያዋ ባለ ዩኒቨርሲቲ መውሰድ ሲሆን፣ ይህ ከቀድሞው ጂፒኤ ጋር ይደመራል። ሁለተኛው ለዚሁ የተዘጋጀ የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ በዋሽንግተን የሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ከ1975 ጀምሮ የሚሰጠው በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። ይህኛው ለብቻው ስለሚቆጠር የቀድሞውን ቁጥር አይለውጥም፤ ዋጋውም ውድ ነው። ለልጅዎ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ማስተርሱን ኤምካቱ ከተሻሻለ በኋላ ብታስብበት ይሻላል።

ዝርዝሯ ላይ የዲኦ (ኦስቲዮፓቲክ ሕክምና የሚባለው ሌላው የሐኪምነት ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች አለመኖራቸው አስገርሞኛል። በማኅበረሰባችን ዲኦ ማለት ግማሽ ሐኪም የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ይህ ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ዲኦ በ50ውም ግዛቶች ሙሉ የሕክምና ፈቃድ ያገኛል፣ ቀዶ ጥገና ይሠራል፣ መድኃኒት ያዛል፤ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሚወሰደው የሬዚደንሲ ሥልጠናው ከኤምዲ ጋር አንድ ሆኗል። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ኤምካት 504 አካባቢ ስለሆነ ልጅዎ ጥቂት ብታሻሽል ደጃፉ ላይ ነች። በእርስዎ ግዛት እንኳ ብላክስበርግና ሊንችበርግ ላይ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። አንዳንዶቹ ከዲኦ ሐኪም የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚፈልጉ፣ ካሁኑ አንድ ዲኦ ሐኪም ፈልጋ ሥራውን ቆማ ብትመለከት መልካም ነው።

አያቷን ማስተርጎሟ ደግሞ የልቧ መነሻ ነው፤ በድርሰቷ ውስጥም ቦታ አለው። ለብቻው ግን የሕክምና ሥራ ልምድ ሆኖ አይቆጠርላትም። 40 ሰዓት የሚፈጀውን የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና ብትወስድ፣ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ በሞላበት በዚህ አካባቢ ያንኑ የምታውቀውን ሥራ በደመወዝ ልትሠራው ትችላለች፤ የሐኪሙን አነጋገርና የታካሚውን ፍርሃት በየቀኑ እየሰማች ታድራለች።

ወደ ካሪቢያኑ ልመለስ። ከዚያ ተመርቀው ጥሩ ሐኪም የሆኑ ሰዎች አሉ፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት የሬዚደንሲ ምደባ ከአሜሪካ ኤምዲ ተመራቂዎች 93 ከመቶ፣ ከዲኦዎቹ 92 ከመቶ ያህሉ ቦታ ሲያገኙ፣ ውጭ ተምረው ከመጡ የአሜሪካ ዜጎች ያገኙት 67 ከመቶ ገደማ ናቸው። ይህም ቁጥር ምደባው ላይ የደረሱትን ብቻ ይመለከታል፤ በመንገድ ላይ የቀሩትን አይቆጥርም። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በገፍ ይቀበሉና ብዙ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ትምህርቱን ያቋርጣል። ትምህርት ቤቱን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ አብረው ከጀመሩት ከመቶው ስንቱ በጊዜው ተመርቆ ሬዚደንሲ አገኘ? መልሱን በጽሑፍ ካልሰጣችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የገንዘቡ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኘው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው፤ ቀድሞ ቀሪውን ይሸፍን የነበረው የብድር ዓይነትም ቀርቷል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ከግል ባንክ ይመጣል፤ ባንኩም የእርስዎን ፊርማ የፈለገው ለዚህ ነው። ልጅቷ በሁለተኛው ዓመት ብትወጣ ዕዳው አብሯት አይወጣም፤ በፍርድ ቤት ኪሳራ ቢያስመዘግቡ እንኳ በቀላሉ አይሰረዝም፤ ታክሲ እየነዱ የሚከፍሉት እርስዎ ይሆናሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም፤ ይህ ከፈሰሰ አይለቀምም።

አዲስ አበባን በተመለከተ ባጭሩ እመልሳለሁ። ኢንተርንሺፑን ጨምሮ ስድስት ዓመት ያህል ከመጀመሪያው ትማራለች፤ ከዚያ የአሜሪካን የሕክምና ፈተናዎች ወስዳ፣ ለሬዚደንሲ የምትወዳደረው እንደ ካሪቢያኖቹ ሁሉ ውጭ እንደተማረ ሰው ነው። አገር ቤት ተመርቀው እዚህ ሌላ ሥራ እየሠሩ ሌሊት ለፈተናው የሚያጠኑ ሐኪሞችን እርስዎም ሳያውቁ አይቀሩም። ኢትዮጵያ ውስጥ ኖራ ማከም ከፈለገች ግን የከበረ ምርጫ ነው፤ ያ ፍላጎት የእርስዎ ሳይሆን የእሷ መሆን አለበት።

ሐሳቡን ትተወው ብዬ ልምከራት ወይ ላሉኝ፣ አይምከሯት እላለሁ፤ የአጎቷን ልጅ ሐሳብ ግን በክብር ትስማ። ፒኤነት ለወደቀ ሰው የተተወ ቦታ አይደለም። ትምህርቱ በአማካይ 27 ወር የሚፈጅ ማስተርስ ነው፤ መግቢያውም ከባድ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ታካሚ የመንከባከብ የሥራ ልምድ በብዙ መቶ ሰዓት ቆጥረው ይጠይቃሉ። መካከለኛ ደመወዙ በዓመት ከ130,000 ዶላር በላይ ነው። ፒኤ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ከአንዱ የሕክምና ዘርፍ ወደ ሌላው ያለ አዲስ ሬዚደንሲ ይሻገራል፤ የመጨረሻውን ኃላፊነት የሚሸከመው ግን ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ነው። ልጅዎ ያንን ኃላፊነት ትፈልገዋለች ወይስ አልጋው አጠገብ መገኘቱን? የአጎቷን ልጅ ሥራ ቦታ ሄዳ ጥቂት ቀን ብታይ ልቧ ይነግራታል። የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጀውም የነርስነት ትምህርት አለ፤ በኋላም ነርስ ፕራክቲሽነር (መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ) ወደመሆን ያደርሳል።

«ዶክተሯ» የሚለውን አጠራር ደግሞ ቤተ ዘመዱ እንዲተወው እርስዎ ይጠይቁ። በፍቅር የተባለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን በጠራት ቁጥር የተመለሰችባቸውን ትምህርት ቤቶች ያስታውሳታል። እሑድ አብረዋት ይሂዱና ለሚጠይቃት ሰው «ገና እየተዘጋጀች ነው» ብለው እርስዎ ይመልሱላት።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ልጆች የኤምካትን ክፍያ የሚቀንስ፣ የዝግጅት መጻሕፍትን በነፃ የሚሰጥና እስከ 20 ለሚደርሱ ትምህርት ቤቶች የማመልከቻ ክፍያን የሚያስቀር ድጋፍ አለው። ድጋፉ ወደ ኋላ ተመልሶ የተከፈለን ገንዘብ ስለማይመልስ፣ ለቀጣዩ ፈተና ከመመዝገቧ በፊት የቤተሰባችሁን የግብር ወረቀት ይዛ ታመልክት።